በሥራ የጠገገ ቁስል
የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አጭር የሕይወት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምንሰበሰብበት ጉባኤ መዝሙር እንዘምራለን፣ ከመካከላችን አንዱ የጻፈውን ግጥም ያነባል፣ በመጨረሻም ትምህርት ይሰጠናል። በዚያች ሰዓት ያዘነው ይጽናናል፣ አንገቱን የደፋውም ቀና ይላል። ነገር ግን ሰኞ ጧት ስንነሣ ያ ሁሉ ሙቀት እንደ ጤዛ ረግፎ እናገኘዋለን። ፈተና የወደቀው መውደቁ ትዝ ይለዋል፣ ወላጁን በሞት ያጣው ቤቱ ባዶ ይሆንበታል፣ ሥራ የሌለው ከአጥር ጥግ ሄዶ ይቀመጣል። ይህ ከብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ነገር ይመስለኛል። ታዲያ ግጥሙና ንግግሩ ሐሰት ስለ ሆነ ነውን? ወይስ ከእኛ በኩል የጎደለ ነገር አለ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከገለምሶ ተነሥቶ በበዴሳና በቁኒ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ጭሮ ይደርሳል፤ ይህችውም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ ናት። ከዚያም የድሬዳዋን መንገድ ይዞ ቢቀጥል ሒርናን ያገኛል። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩትና በሒርና እያረሱ ያረጁት አንድ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ግጥም ጽፈው ታግዶባቸዋል፤ በዓለም መንግሥታት ፊት ቆመው ተናግረው ሰሚ አጥተዋል፤ አንድ ጊዜ በልጅነት፣ አንድ ጊዜ በጎልማሳነት ከአገራቸው ርቀው ረጅም ዘመን ኖረዋል። ስማቸው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላል።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በሚባለው አገር ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ከእናታቸው ተለይተው ወደ ሐረር መጡና በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ብላቴናው አብረው ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሲደረግ ዕድሜያቸው ገና 12 ዓመት አልሞላም ነበር። ዛሬ በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ቢሆኑ ከሕፃናቱ ክፍል የሚቀመጡ ልጅ ነበሩ ማለት ነው። ሕፃን ሆኖ ያን ያህል ሰው ሲወድቅ ማየት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ እያንዳንዳችን በልባችን እናስበው።

ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ልጁ ተምሮ አገሩን እንዲጠቅም ብለው ከሩሲያ ሰዎች ጋር ወደዚያ አገር ላኩት። በሩሲያም ኮሎኔል ሞልቻኖፍ የተባሉ መኮንን ተቀብለው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ያ ቤተሰብ የኦርቶዶክስ ክርስትናን እምነት የሚከተል ስለ ነበር ብላቴናው ከአገሩ ቢርቅም ከመስቀልና ከጸሎት አልራቀም። በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው የጦር ትምህርት ተማሩ። እንዲህ ሆነው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ወንድሞቹ ሸጠውት በባዕድ አገር ያደገውን ዮሴፍን ሁላችንም እናውቃለን። ተክለ ሐዋርያትን የሸጣቸው የለም፤ በበጎ ሐሳብ ነው የተላኩት። ቢሆንም በሕፃንነት ከእናት፣ ከቋንቋና ከአገር መለየት ቁስሉ ያው ነው።

ተምረው ሲመለሱ ያሳደጓቸውና የላኳቸው ራስ መኰንን በሕይወት አልነበሩም። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. አርፈዋል። ዐፄ ምኒልክም ወደ ሕመማቸው ዘመን እየገቡ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ያን ሁሉ ዘመን የተማሩትን ይዘው ሲደርሱ እንኳን መጣህ ብሎ በሩን የሚከፍትላቸው ጌታ አጡ። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይሰበራል። እርሳቸው ግን እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄደው ስለ እርሻ ተማሩ። በጦር ትምህርት የሠለጠነ ሰው የእርሻ ትምህርት መፈለጉ ያን ጊዜ የሚያስገርም ሳይሆን አልቀረም። መድፍ ያጠና እጅ ዘርና አፈር ለማወቅ መነሣቱን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ግጥማቸው እንምጣ። በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል መኳንንቱ ተሰብስበው ጨዋታ ሲያዩ ተክለ ሐዋርያት በመካከላቸው ነበሩ። የቀረበው ነገር ቴያትር የሚባለው እንዳልሆነ በመናገራቸው እንግዲያው ቴያትር ምን እንደ ሆነ አንተ ጽፈህ አሳየን ተባሉ ተብሎ ይተረካል። እርሳቸውም የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ድርሰት በግጥም ጻፉ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴያትር ይህ እንደ ሆነ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። አውሬዎቹ ሲናገሩ ግን የሚሰማው የሰው ድምፅ ነበር። ጉቦ የሚበላው ሹም፣ ደካማውን የሚያጠቃው ጉልበተኛ፣ በሽንገላ የሚኖረው ባለሟል ሁሉ በአውሬ ቆዳ ተሸፍነው ይታያሉ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የነበሩ ባለሥልጣኖች ይህን ተረዱትና ድርሰቱ ታገደ። ከዚያ በኋላ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንገሥ ድረስ ቴያትር በአገራችን ዝም አለ። እነ ዮፍታሔ ንጉሤና እነ መላኩ በጎሰው እንደ ገና እስኪያነሡት ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

ግጥም የጻፈ ከእኛ መካከል ቢኖር ይህ ምን ያህል እንደሚያም ያውቃል። ግጥም ከሆድ የሚወጣ ነገር ነው። ሰው ፊት ቀርቦ አይሆንም ሲባል የተጣለው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊውም አብሮ የተጣለ ይመስለዋል። ተክለ ሐዋርያት ምን ተሰማቸው? ልባቸውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ ማየት የምንችለው እጃቸውን ነው። እጃቸው ደግሞ አልተጣጠፈም።

በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅጅጋ ገዥ ሆኑና ከተማይቱ በቀጥታ መንገዶች ተከፋፍላ በፕላን እንድትሠራ አደረጉ። ከዚያም በ1910ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደዚህ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ቸርቸር ተሾመው መጡ። ቸርቸር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ የሚሆን ጠቅላይ ግዛት እንዲሆን ታስቦ ነበር። አስተዳደሩ በሹሙ ፈቃድ ሳይሆን በተጻፈ ደንብ እንዲመራ ሞከሩ። ለግዛቱም አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ ይህችም አሰበ ተፈሪ ናት። ዐስብ በግእዝ ደመወዝ፣ የሥራ ዋጋ ማለት ስለ ሆነ ስሟ የተፈሪ ዋጋ ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ለሠራተኛ ሰው ከተማ የሚስማማ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ቸርቸር ከእርሳቸው በፊት ባዶ አገር አልነበረም። የኢቱ ኦሮሞ ሕዝብ በዚህ ደጋና ቆላ ማሽላውን ሲዘራ፣ ከብቱን ሲያረባ፣ ቡናውን ሲለቅም ኖሯል። ሹሞች የመጡት በሕዝቡ ምርጫ ሳይሆን በንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ የዚያን ጊዜ የመሬት ሥርዓትም ገበሬውን ብዙ አስጨንቆታል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የዚያ ሥርዓት ሹም ነበሩ። ስለዚህ እንደ ጻድቅ ገድል አንጽፍላቸውም። የምንማርባቸው እንደ አንድ የተጎዳና የደከመ፣ ነገር ግን ሥራ ያልፈታ ሰው ነው። አሰበ ተፈሪም ብትሆን በፕላን ብቻ አልተሠራችም፤ ድንጋይ የተሸከመው፣ መንገድ የጠረገው፣ ስሙ ያልተጻፈው የአገሬው ሰው ላብ አለባት።

የሚደንቀው ደግሞ ይህ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ቸርቸርን ከገዙት መካከል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይገኛሉ። እኚህም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃን ሆነው በእንግሊዞች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉ፣ በሐኪምነት ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ከጦር ሜዳ በሕፃንነት ወደ ባዕድ አገር የሄዱ፣ ሁለቱም በዚህ በእኛ ተራራ ላይ መጥተው ከተማና መንገድ ሠሩ። ሰው ከቁስሉ የተነሣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያለቅስ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ግን ራሳቸው ያጡትን ቤት ለሌላ ሰው መሥራት መረጡ።

በ1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ተክለ ሐዋርያት በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲያዘጋጁ የታዘዙትም እርሳቸው ናቸው። የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርገው 55 አንቀጽ ያለውን ሕግ አዘጋጁ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። በዚያ ጊዜ መኳንንቱና መሳፍንቱ ተሰብስበው ሳለ ሕገ መንግሥት ምን ማለት እንደ ሆነ በረጅም ንግግር ያስረዱት እርሳቸው ነበሩ። ሕጉ ሥልጣኑን ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚተው ቢሆንም፣ ሕግ በጽሑፍ ይኑር የሚለው ሐሳብ በዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ንግግራቸው የተደረገው በባዕድ አገር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ፤ ኢጣልያም ይህን ሰበብ አድርጋ ለወረራ ትዘጋጅ ጀመር። በዚያ ጊዜ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትርና በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር መልእክተኛ ነበሩ። ስለ አገራቸው ቆመው ተከራከሩ፤ ማኅበሩ እውነቱን መርምሮ እንዲፈርድ ጠየቁ። ትልልቆቹ መንግሥታት ግን ነገሩን ሲያጓትቱ ጊዜው አለፈ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ ነገር ግን ጦሯን ሊያቆም የሚችለውን የነዳጅ ዘይት ሳይከለክል ቀረ። ንግግሩ እውነት ነበር፤ ጠበቃውም ብርቱ ነበር፤ ሰሚ ግን አልተገኘም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች። ተክለ ሐዋርያትም ተሰደዱ። በመጨረሻ ማዳጋስካር በምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ተቀመጡ። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ ሌሎቹ ስደተኞች ተመለሱ፤ እርሳቸው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስላልተስማሙ በዚያው ቀሩ። እስከ 1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ በስደት ኖሩ። በልጅነታቸው ከአሥር ዓመት በላይ፣ በጎልማሳነታቸው ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ዘመን በሰው አገር አሳለፉ ማለት ነው። ሲመለሱ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ደርሶ ነበር።

አሁን በእርሳቸው ቦታ ሆነን እናስብ። ግጥሙ ታግዷል። በጄኔቭ የተናገሩት ንግግር በመዝገብ ቤት ቀርቷል። ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። የዘመናቸው ሰዎች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ሥልጣኑም በሌሎች እጅ ነው። አንድ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሆኖ ቢመለስ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ የዘመኑን ሰዎች ሲረግም ቢኖር ማን ይፈርድበታል?

ፊታውራሪ ግን ወደ ቸርቸር ደጋ፣ ወደ ሒርና ወጡና ገበሬ ሆኑ። በወጣትነታቸው ስለ እርሻ ለምን እንደ ተማሩ እዚህ ላይ ታየ። በእርጅናቸውም ብዕራቸውን አልጣሉም፤ የሕይወታቸውን ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ዛሬ በሁሉ እጅ ይገኛል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ደራሲ ሆነው አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ በባዕድ አገር ተምሮ አገሩን ለማገልገል ስለ ተመለሰ ወጣት የሚናገር መጽሐፍ ነው። የታገደው የአባት ብዕር በልጁ እጅ ቀጠለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. በ93ኛ ዓመታቸው አረፉ።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የእሑዱ ሙቀት ሰኞ ለምን ይቀዘቅዛል? ከዚህ ሕይወት እንደ ተረዳሁት፣ ግጥምና ንግግር ቁስልን ያጥባሉ፤ የሚያደርቀው ግን ሥራ ነው። ግጥም ያመመንን ነገር ስም ሰጥቶ ያሳየናል። መልካም ንግግር ቀና እንድንል ያደርገናል። ሁለቱም ግን ሰሚ ይፈልጋሉ፤ ሰሚው ደግሞ በእጃችን አይደለም። አንዱ ያግዳል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ሥራ ግን የማንንም ጭብጨባ አይጠብቅም። ቡና የተከለ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይታገሣል። ማሽላ የዘራ የሐረርጌ ገበሬ በበልጉ ዘርቶ እስከ ኅዳር ድረስ ወፍ እየጠበቀ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አፈሩ አያመሰግነውም፣ አይሰድበውምም። ዝም ብሎ ያበቅላል። የተሰበረ ልብ ከዚህ ዝምታ ብዙ ይማራል።

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ታላቅ ሰባኪ ሳለ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲያዝን ያጽናናው ሰባኪ አልነበረም፤ ስትወድቅ ስትነሣ ዛፍ የምትወጣ ትል ናት። እርሷን አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዛሬ የምንዘምረው ዜማ የተገኘው ከዚያ ድካም ነው። እንግዲህ በያሬድ ዘንድ ሥራው ቀደመ፣ ዜማው ተከተለ።

ከመካከላችን በመልቀቂያ ፈተና የወደቀ አለ። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ተጎድታ የተመለሰች እኅት አለች። የጻፈው ግጥም ተስቆበት ዳግመኛ አልጽፍም ያለ አለ። ሥራ ስላጣ ቀኑን ከጫት ጋር የሚገፋም አለ። ለእነዚህ ሁሉ እሑድ እሑድ ጥሩ ቃል እንናገራለን፤ እሰየው ነው፣ አይቅር። ነገር ግን ቃላችን እስከ ሰኞ እንዲደርስ ከፈለግን ሥራ እንጨምርለት። ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጥግ አንድ የቡና ችግኝ መደብ ልናዘጋጅ እንችላለን። ፈተና የወደቀውን ወንድማችንን ታናናሾቹን እንዲያስጠና ብንጠይቀው ለእርሱም ለእነርሱም ይጠቅማል። ጧሪ የሌላቸውን እናቶች ውኃ ልንቀዳላቸው፣ እንጨት ልንፈልጥላቸው እንችላለን። ያዘነችውን እኅት አይዞሽ ብለን ብቻ አንሂድ፤ ነይ አብረን እንሥራ እንበላት። ሰው እርሱ ራሱ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚያውቀው ሲነገረው ሳይሆን ሥራ ሲሰጠው ነው።

በጭሮ መንገድ የምናልፍ ጊዜ ይህን እናስታውስ። የፋቡላ አውሬዎች ለረጅም ዘመን አፋቸው ተዘግቶ ነበር። የጄኔቭ ጉባኤ ተበትኗል፤ የመንግሥታት ማኅበሩም ራሱ ዛሬ የለም። በዚያ ተራራ ሥር የተቆረቆረችው ከተማ ግን ስሟ ቢለወጥም ሰው ይኖርባታል፤ ገበያ ይቆምባታል፣ ልጆች ይማሩባታል፣ ከገለምሶ የሚሄድ በሽተኛም ሕክምና ፍለጋ ይደርስባታል።

የአባቶቻችን አምላክ እጃችንን ለሥራ፣ ልባችንን ለቃሉ ያዘጋጅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።